ደብረ ብርሃን ላይ የስፌት ማሽን ያላችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ የእግር ማሽን ካለ ይህን አንብቡልኝ። ለአንድ ማሽን ጠጋኝ የምጽፈው ምስጋና ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላይ" ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ትልቁ ልጄ ለጥምቀት ጂንስ ጃኬት አማረው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለው ተረት ለሴት ብቻ የሚመስለው ሰው ቤቱ ጎረምሳ የለም ማለት ነው። የሱቁ ዋጋ አይቀመስም። ሰልባጅ ተራ ስንዞር ደግሞ ወይ እጅጌው ያጥራል፣ ወይ ትከሻው ሁለት ልጅ ይይዛል። እኔም ስፌት አላጣሁም። የቤቱን መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የሚጡን ቀሚስ የምሰፋው ራሴ ነኝ። ጨርቁን ገዛሁና በሙቅ ውሃ አጥቤ አሰጣሁት። ጂንስ ሳይታጠብ ከተቆረጠ በኋላ ይሰበሰባል፣ እጅጌው ክርን ላይ ይቀራል። (ከነጠላ ጋር ብቻ እንዳትዘፈዝፉት። ሰማያዊው ይለቃል።)

"ለዚህ ብርድ ጂንስ ምን ያደርጋል?" የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ የጥር ጠዋት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ለዚያ ብዬ ገበሩን ከብርድ ልብስ ቁራጭ አደረግኩት። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። ወፍራም በወፍራም ላይ።

ማሽኑ የአማቴ ነው። ጥቁር፣ የብረት እግር ያለው፣ የቢራቢሮ ምልክት ያለበት የቻይና ማሽን። ቀጭን ጨርቅ ላይ ደህና ይሠራል። ጂንሱ ላይ ግን ስፌት ይዘላል፣ ክር ይበጥሳል፣ ትከሻው ጋ ሲደርስ ጭራሽ መርፌ ይሰብራል። መጀመሪያ ያሳየሁበት ቦታ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ በደንብ እንኳ ሳያዩት "ይሄ አብቅቶለታል፣ ለቁራሌው ስጪውና በሞተር የሚሠራ ግዢ" አሉኝ። አማቴ ይህን ሲሰሙ የተናገሩትን እዚህ አልደግመውም።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ቤት ድረስ መጡ። ገና ሲገቡ ማሽኑን አልነኩም። "አልሰፋ ያለሽን ጨርቅ አምጪ" አሉ። ጂንሱን አስገብተው ቀስ ብለው ረገጡ፣ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ ጠጋ አድርገው። ቀጥለው ካቻቢቴያቸውን አውጥተው ከመርፌው ስር ያለችውን የብረት ሳህን ፈቱ። እዚያ ስር የተጠራቀመው የክር ብናኝ ደርቆ ጨርቁን የሚገፉትን ጥርሶች ውጧቸዋል። ዘይቱም ቢጫ ሙጫ ሆኗል።

"ማነው የኑግ ዘይት ያጠጣው?"

እኔ ዝም። አማቴ ከጓዳ ሆነው፣ "ታዲያ ቅቤ ላጠጣው ኖሯል?" አሉ።

ጋሼ ሳቁ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ እየወፈረ እንደሚደርቅና ብረቱን እንደሚያጣብቅ አስረዱን። በላምባ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ የማሽን ዘይት ጠብታ ጠብታ አደረጉ። አማቴ ያቺን የዘይት ጠርሙስ አሁን ከበርበሬያቸው እኩል ነው የሚጠብቋት።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር። ማሙሽን የስልክ መብራት አስያዙትና ጎማውን በእጃቸው ቀስ እያደረጉ እያዞሩ አሳዩን። መርፌው ወርዶ ትንሽ ከፍ ሲል ክሩ ከጎኑ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከስር ያለው መንጠቆ በዚያች ቅጽበት ደርሶ ቀለበቷን ካልያዘ ስፌት የለም። የእኛ ማሽን መርፌውን የያዘው ዘንግ ብሎኑ ላልቶ ወደ ላይ ሸሽቷል። ቀጭን ጨርቅ ላይ እንደምንም ይይዝ የነበረው ጂንስ ላይ ሲደርስ ይስታል። ዘንጉን በጣም ትንሽ፣ ለዓይን እንኳ በማይታወቅ መጠን፣ ወደ ታች አወረዱት። ብሎኑን አጠበቁ። አለቀ። ለቁራሌ ሊሰጥ የነበረው ማሽን ችግሩ አንድ ብሎን ነበር!

ቺንጋውም ተለጥጦ ስለነበር "አዲስ ልግዛ?" አልኳቸው። "ምን ሆኖ?" ብለው ከጫፉ ቆርጠው አሳጠሩትና በዚያው ሽቦ መልሰው አገናኙት። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፣ ቦርሳቸው ውስጥ አዲስ እንዳለ አይቻለሁ። ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ እንዲያውም ይሄ ነው።

ሂሳብ ተቀብለው መሄድም ይችሉ ነበር። "ጂንስ ልትሰፊ ነዋ?" ብለው ቁጭ አሉ። ቡናው ስለቀረበም ይሆናል። መርፌውን አወጡና 14 ቁጥር መሆኑን አሳዩኝ። ለጂንስ 16 ቁጥር፣ ፓኬቱ ላይ 100 የሚለው፣ በጣም ለወፈረ ቦታ ደግሞ 18 ነው የሚያስፈልገው። ቀጭን መርፌ ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ይጎብጣል፣ መንጠቆው ክሩን ይስታል፣ አንዳንዴም ብረት መትቶ ይሰበራል። ከላይ የሚታየው ወፍራም ብርቱካናማ ክር ለላይ ብቻ ነው፣ ታች ተራ ክር ይበቃል። ስፌቱም ረዘም ይበል አሉ፣ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር። ጂንስ ላይ ያጠረ ስፌት ይጨናነቃል፣ መልክም የለው።

እጅጌው ከትከሻው የሚገናኝበት ቦታ ጨርቁ ተጣጥፎ ድርብርብ ይሆናል። እዚያ ሲደርስ ጨርቁን የሚጫነው እግር አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ማሽኑም ባለበት ይረግጣል። ጋሼ ከዚያው ጂንስ ቁራጭ አጣጥፈው ከእግሩ ኋላ ስር ሸጎጡ። እግሩ ተስተካከለ፣ መርፌው ሄደ። በቃ ይኸው ነው ዘዴው። ከዚያ በፊት ግን ድርብርቡን ለማለስለስ መዶሻ ጠየቁ። መዶሻ ቤት ውስጥ የለም፣ ባለቤቴ ለሰው አውሶታል። አማቴ የቡናውን ዘነዘና አመጡ። ጋሼ ጂንሱን ደፍ ላይ ዘርግተው ሲወቅጡት ሚጡ ቡና መስሏት ፌስታል ይዛ መጣች።

የቀረውን ራሴ ሰፋሁት። በአንድ ቁጭታ አይደለም፣ ማን ፈቅዶ! አንገትጌው ላይ ስደርስ ሽሮው ይገነፍላል። ኪሱን ማያያዝ ስጀምር የቤት ሥራ አሳዪኝ የሚል ይመጣል። ሚጡ ከጠረጴዛው ስር ገብታ መርገጫው ላይ ካልተቀመጥኩ ትላለች። መብራት ሲጠፋ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሲቆም እኔ በሻማ ረገጥኩ። በሞተር የሚሠራ ግዢ ያሉኝ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ባለኝ። የብረት ቁልፎቹን የመታው ባለጃኬቱ ራሱ ነው፣ በዘነዘናው። አማቴ "ዕቃዬን ፈጃችሁት" እያሉ ቆመው አዩት።

ቁልፍ ካነሳሁ፣ ጂንስ ኪስ ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ የመዳብ ቁልፎች ያሰበው አሜሪካ ውስጥ የነበረ ጄከብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቁን የሚገዛው ከሌቪ ስትራውስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 የባለቤትነት ፈቃዱን አብረው አወጡ። ዛሬ የሁላችን ሱሪ ላይ የምናነበው የጨርቅ ነጋዴውን ስም ነው። የልብስ ሰፊውን ስም እስቲ ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? የኛ ጋሼ ደግሞ ጭራሽ ራሳቸው አትጻፊኝ የሚሉ ናቸው።

ጃኬቱ እንዴት ሆነ? አንዱ ኪስ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ይላል። ልጁ "ስታይል ነው" ይላል። ለጥምቀት ለብሶት ወጣ፣ አሁን ደግሞ የአክስቱ ልጅ እንዲሰፋለት ጨርቅ ገዝቶ መጥቷል።

ወደ ጥቆማው ልምጣ። ጋሼ የሚሠሩት የእግርና የእጅ ማሽን ነው። ኦቨርሎክና ኮምፒውተር ያለው ማሽን አይነኩም፣ ሲጠየቁም በግልጽ ይናገራሉ። እሁድና በዓል አይሠሩም። ስልክ ሁልጊዜ አያነሱም፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ዋጋቸውን ሥራውን ካዩ በኋላ ነው የሚናገሩት። እኔን የጠየቁኝ ተመጣጣኝ ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ አትከራከሯቸው። ወሬ ይወዳሉ። ቡናቸው ያለ ስኳር ነው። ስትደውሉ የማሽኑን ምልክትና ምን እንደሚያስቸግር ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የሚያስፈልገውን ይዘው ይመጣሉ።

ቁጥራቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልካለሁ። ከጫጫ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና የምትመጡ ጠረጴዛውን አትሸከሙ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ስታጋድሉት ከስር የያዙትን ሁለት ብሎኖች ታገኛላችሁ። እነሱን አላልታችሁ ጭንቅላቱን ብቻ አውጡ፣ መርፌውን ንቀሉ፣ በጋቢ ጠቅልሉትና ሚኒባሱ ላይ እግራችሁ ስር አድርጉት። ጣሪያ ላይ እንዳትሰጡት።