የመኪና ሰም በብርድ ወራት፦ ካርናውባ ወይስ ሲላንት?

እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት በረዶን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር፣ መኪናን ሰም መቀባት ከጌጥነት ይልቅ ቀለሙን መጠበቂያ ነው። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ደማቅ አንጸባራቂነት ቢሰጥም፣ በብርድ ጊዜ በጣሳው ውስጥ ይበልጥ ስለሚጠጥር ስፖንጁ ላይ እየተጓጎለ ይወጣል፤ በስሱ ካልተቀባም መወልወሉ ክንድ ያዝላል፤ ጥበቃውም የሚቆየው ቢበዛ ለጥቂት ወራት ነው። በሰም ፈንታ የሚቀባው ፈሳሹ ሰው ሠራሽ የቀለም መከላከያ፣ ሲላንት፣ በአንጻሩ በቀላሉ ይዳረሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ሆኖም በብርድ ለመያዝ ብዙ ሰዓት ስለሚፈልግ፣ ገና ሳይደርቅ ጤዛ ወይም በረዶ ካገኘው ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። እኔ ሲላንቱን እመርጣለሁ፤ ግን ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናው ታጥቦ በበሮቹ ጠርዝ ያለው ውኃ ሳይቀር ከደረቀ በኋላ። ካርናውባን የሙጥኝ ያለ ሰው ጣሳውን ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ያሳድረው፤ ምድጃ ላይ ግን አይጣደው።