ለሩቅ አገር ጉዞ የሚሆን ሳይክል፦ ሎንግ ሆል ትራከር በሐረጎ ዳገት

ከደሴ ተነስታችሁ ናይሮቢ ድረስ በሳይክል ለመሄድ ካሰባችሁ ሳይክሉን በቅለቱ አትምረጡ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ነው?" ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ማርሳቢት በረሃ ላይ ቢሰበርብኝ ማን ይሠራልኛል?

አሁን የምነዳው ሰርሊ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ሎንግ ሆል ትራከር ነው፣ ጎማው ባለ 26 ኢንቹ። ጉዞውን ከጨረሰ ፈረንጅ ላይ ነው የገዛሁት። ቴላዮው ክሮሞሊ የሚባል ጠንካራ ብረት ነው። አልሙኒየም ሲሰነጠቅ ብየዳው የራሱ ማሽንና የራሱ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ብረትን ግን ኮምቦልቻም ይሁን ሞያሌ ያለ ጠንቃቃ በያጅ ቢያንስ ከመንገድ እንዳትቀሩ አድርጎ ያያይዘዋል። የ26 ኢንች ጎማና ካላማዳሪም እኛ አገር እንደልብ ነው። ብዙዎቹ የጉዞ ሳይክሎች የሚመጡበት 700 ሲ የሚባለው ልክ ግን ደሴ ፒያሳን ብታስሱ በቀላሉ አይገኝም።

የወደድኩለት ማርሹን ነው። ከፊት ካሉት ሦስት ማርሾች ትንሹ 26 ጥርስ ነው፣ የኔ ከኋላ ትልቁ 34። በዚህ ላይ ፔዳሉን አንድ ዙር ስትረግጡት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። ቀርፋፋ ነው፣ አዎ። ሐረጎን የሚያውቅ ግን ይገባዋል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ እኔም ሻንጣ ጭኜ፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ እያቃሰተ፣ ከኮርቻዬ ሳልነሳ ነው የወጣሁት። ጉልበቴን አላመመኝም። ይሄ ለኔ ከማንኛውም ቅለት ይበልጣል።

የኋላው ሹካ 46 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ተረከዝ ሻንጣውን አይመታም። ሦስት የውኃ መያዣ ይታሰርበታል። ይሄኛውን አትናቁት፤ ከሞያሌ ኬንያ ውስጥ እስካለችው ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ቢሆንም ውኃው ሩቅ ነው፣ ወደ ደቡብ ለሚሄድ ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ሌላው ደስ የሚለው፣ ግራ በኩል ከኋላ ሹካው ላይ ሁለት ትርፍ የቸርኬ ሽቦ ማስቀመጫ አለው። የሠራው ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚሰበር ያውቃል ማለት ነው።

የማይመቸው ደግሞ ፍሬኑ ነው። ቸርኬውን የሚጨብጥ ዓይነት ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ይዘገያል። በክረምት ከሐረጎ ቁልቁል ስትወርዱ ቀድማችሁ መያዝ አለባችሁ፣ ያውም ጭነት ካለ። ባዶውንም ከባድ ነው፤ ፎቅ ቤት የምትኖሩ አስቡበት። አዲሱን ከፋብሪካ አታገኙትም፣ በባለ ዲስክ ፍሬኑ ዲስክ ትራከር ተተክቷል። እሱ ሲቆም አስተማማኝ ነው፣ ግን የዲስክ ሸራ በየቦታው አይገኝምና ትርፉን ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ሐይቅ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ከሆነ ይሄን ያህል ብር አታውጡ፣ ተራ ማውንቴን ሳይክል ይበቃችኋል። ድንበር ለሚሻገር ግን ያለምንም ማመንታት እላለሁ፣ ግዙት። ያገለገለ ከሆነ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ፍሬኑ የሚጨብጠውን የቸርኬ ጎን በጣታችሁ ዳብሱት። ጎድጎድ ካለ ቸርኬው አልቋል፤ የአዲሱን ዋጋ ከሒሳቡ አስቀንሱ።