ያገለገለ ሌኖቮ ታይኒ ኤም720ኪው፦ ድምፅ ለማይወድ የሊኑክስ ተጠቃሚ

ጠረጴዛ ላይ ቦታ የማይዝ፣ ሲሠራ የማይጮኽ፣ ሊኑክስም ያለ ጭቅጭቅ የሚቀበል ኮምፒውተር ለሚፈልግ ሰው ገበያው ላይ ሦስት ምርጫ አለ። አንዱ ራስፕቤሪ ፓይ 5 ነው። ሁለተኛው ኢንቴል ኤን100 የተገጠመላቸው የቻይና ሚኒ ፒሲዎች ናቸው። ሦስተኛው ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ወጥተው «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የሚሸጡት፣ አንድ ሊትር ገደማ መጠን ያላቸው የሌኖቮ፣ የኤችፒና የዴል ዴስክቶፖች ናቸው። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ሦስተኛው ነው፤ ከእነሱም መካከል ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720ኪው ታይኒ ይመረጣል። ፋን አለው፤ ነገር ግን በደንብ ተመርጦ ከተገዛና ትንሽ ከተስተካከለ ፋኑ መኖሩ ይረሳል። እንደመጣ ከተሰካ ግን የዚህን ያህል ላይሆን ይችላል።

ማሽኑ በ2018 የወጣ ነው። ጎንና ጎኑ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ውፍረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት የዲዲአር4 ላፕቶፕ ራም ማስገቢያ፣ አንድ የኤም.2 ኤንቪኤምኢ (ፈጣን ኤስኤስዲ) ቦታና አንድ የ2.5 ኢንች ዲስክ ቦታ አለው። ከኋላ ዲስፕሌይፖርት፣ ኤችዲኤምአይና የኔትወርክ መስኪያ ይገኛል። ፎር ኬ ሞኒተር ያለው ሰው በዲስፕሌይፖርቱ ይጠቀም፤ ኤችዲኤምአዩ 1.4 ስለሆነ በፎር ኬ ከ30 ኸርዝ አይበልጥም፣ ማውሱም ሲንቀሳቀስ የሚጎተት ይመስላል።

ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው በፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» ናት። አይ5-8500ቲ ስድስት ኮር ያለው፣ መነሻው 2.1፣ ጣሪያው 3.5 ጊጋኸርዝ የሆነ ባለ35 ዋት ፕሮሰሰር ነው። ቲ የሌለው አይ5-8500 ግን 65 ዋት ነው። ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ሚኒ በሁለቱም ዓይነት ስለተሠራ እሱን የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ፤ ባለ65 ዋቱ ከላይ ክዳኑ የተበሳሳ ነው። ሻጩ «ይሄኛው ይበልጣል» ቢል አልዋሸም፣ በፍጥነት ይበልጣል። ነገር ግን በዚህች ጠባብ ሣጥን ውስጥ የሚጨመር እያንዳንዱ ዋት በፋን ጩኸት ይከፈላል። ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት ባለአራት ኮሩ አይ3-8100ቲም ይበቃል። አይ7-8700ቲ ደግሞ በዚያው 35 ዋት ስለታሰረ፣ ኮድ ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ካልሆነ በቀር ጭማሪ ገንዘቡ ብዙም አይታይም።

የፕሮሰሰሩ ትውልድም (በስሙ ውስጥ ከሰረዟ ቀጥላ የምትመጣው ቁጥር) ከጸጥታው ጋር ይያያዛል። ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን በአብዛኛው የሚልከው ቪፒ9 እና ኤቪ1 በሚባሉ የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነቶች ነው። የቪዲዮውን ዓይነት ግራፊክሱ ራሱ መፍታት ከቻለ ፕሮሰሰሩ ያርፋል፤ ካልቻለ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ፋኑ ይነሣል። 6ኛው ትውልድ ቪፒ9ን በቅጡ አይፈታም። 7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ቪፒ9ን ይፈታሉ፤ ኤቪ1ን ግን አይችሉም። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ ኤም710ኪው በርካሽ ሲቀርብ ውስጡ ያለው አይ5-6500ቲ ነው ወይስ አይ5-7500ቲ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ሣጥኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ በዓይን አይለዩም።

በኤም720ኪው ላይ ይህን የኤቪ1 ችግር በአንድ ደቂቃ ማለፍ ይቻላል። ፋየርፎክስን ይክፈቱ፣ አድራሻ መጻፊያው ላይ «አባውት ኮንፊግ» (about:config) የሚባለውን ገጽ ይጥሩ፣ «ሚዲያ ኤቪ1 ኢነብልድ» (media.av1.enabled) የሚለውን ፈልገው ወደ «ፎልስ» ይቀይሩት። ዩቲዩብ ወዲያው ቪፒ9 መላክ ይጀምራል። ፋየርፎክስ ከ115ኛው ዕትም ወዲህ በሊኑክስ የኢንቴልን ግራፊክስ ለቪዲዮ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ይጠቀማል፤ የኢንቴል ሚዲያ ድራይቨር መጫኑን ብቻ ያረጋግጡ። ብዙ ሰው «ይሄ ማሽን ፊልም ሳይ ይጮኻል» ብሎ የሚያማርረው ይህችን ሳይነካ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሱቁ ውስጥ መደረግ ያለበት አለ። ኡቡንቱ ወይም ሚንት ያለበት ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ማሽኑ ሲነሣ ኤፍ1 ተጭነው ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይግቡ፤ ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ እዚያው ከፍቶ ካላጠፋው አይግዙ። የድርጅት ፓስወርድ የተረሳበት ማሽን ነው ማለት ነው፣ እሱን ማስለቀቅ ደግሞ ከዋጋው በላይ ጣጣ አለው። ከዚያ በኤፍ12 ከፍላሹ አስነሥተው ድምፅ፣ ኔትወርክና ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ይሞክሩ። የኤስኤስዲውን ዕድሜ «ስማርትሲቲኤል» በሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ያንብቡ፤ በኤንቪኤምኢ ላይ «ፐርሰንቴጅ ዩዝድ» የሚለው መስመር ወደ መቶ ከቀረበ ማሽኑን ያለ ዲስክ አስበው ይከራከሩ። የ2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ያለበት ከሆነ ያውጡት። የሚሽከረከር ዲስክ በዚህች ቀጭን ቆርቆሮ ላይ የሚያሰማው ንዝረት ከፋኑ ይብሳል።

ቻርጀሩ የሌኖቮ ብልጫ የሚታይበት ቦታ ነው። ባለ20 ቮልት፣ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነው የቲንክፓድ ላፕቶፕ 65 ዋት ቻርጀር ይሠራለታል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ እንዲህ ቸር አይደለም። ዴል ያልሆነ ቻርጀር ከተሰካበት የአዳፕተሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣና ፕሮሰሰሩን ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ያስረዋል። ባለቤቱ ሊኑክስ ዘገየ ብሎ ሲቀያይር ይከርማል፣ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው።

ያገለገለ ታይኒ ቤት እንደገባ መጀመሪያ ይከፈታል። ከኋላ ያለችውን አንዲት ቪቴ በካቻቢቴ መፍታትና የላይኛውን ክዳን ወደ ፊት ማንሸራተት ይበቃል። ራሙና ኤም.2 ኤስኤስዲው ከሥር ናቸው፤ የላይኛው ከወጣ በኋላ የታችኛውም ክዳን ይንሸራተታል። አየር ከፊት ገብቶ በፋኑ ተገፍቶ በኋላ በኩል ይወጣል፣ ስለዚህ አቧራው የሚከማቸው በፋኑና በሙቀት ማስወጫው ቀጫጭን ቅጠሎች መካከል ነው፤ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ መስሎ ሊሸውድ ይችላል። በብሎወር ሲነፉ የፋኑን ክንፍ በእንጨት ወይም በጣት ይያዙት፤ አለዚያ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ይጎዳል። ዓመታት የሠራ ማሽን ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በሙቀት ማስወጫው መካከል ያለው ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ይሆናል። የሙቀት ማስወጫውን ቪቴዎች በሰያፍ እያፈራረቁ ይፍቱ፣ አሮጌውን በአልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐል ላይ ያኑሩ፣ ሲመልሱም በሰያፍ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። የነፋስ ድምፅ የአቧራ ምልክት ነው፣ ጽዳት ይፈታዋል። ቅርር የሚል ወይም በእኩል ልዩነት የሚመታ ድምፅ ከሆነ ግን ያለቀው ፋኑ ነው፤ ዘይት መጨመሩ ለጊዜው ነው፣ መለወጥ ይሻላል።

ከጽዳቱ በኋላ ባዮስ ውስጥ «ኢንተለጀንት ኩሊንግ» የሚለውን ያግኙ። የምርጫዎቹ ስም እንደ ባዮሱ ዕትም ይለያያል፤ ለድምፅ የሚያደላውን ይያዙ። «ፉል ስፒድ» ላይ የተተወ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። አሁንም የሚረብሽ ከሆነ «ተርቦ ቡስት»ን (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበትን) ያጥፉት። ባለ35 ዋት ቢባልም ተርቦ ላይ ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ይስባል፤ ድረ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ፋኑ ብድግ ብሎ የሚቀመጠው በዚህ ነው። ያለ ተርቦ በ2.1 ጊጋኸርዝ ጽሑፍና ኢንተርኔት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ሥራ ላይ ግን ይሰማል። «ኤልኤም-ሴንሰርስ» ጭነው ሙቀቱን ይከታተሉ፤ ሥራ ፈትቶ ከ50 ዲግሪ በላይ የሚቆም ከሆነ ፔስቱ በደንብ አልተቀመጠም። በ«ስትረስ-ኤንጂ» ስድስቱንም ኮር ለ20 ደቂቃ ማስጨነቅ እውነቱን ያወጣዋል።

አዲስ አበባ ላሉ አንድ ነገር ይጨመር። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን በያው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ያንሳል። ኤችፒ በመግለጫዎቹ ከፍተኛውን የክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ብሎ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። በአዲስ አበባ ልክ ሲሰላ ወደ 27 ዲግሪ ይወርዳል። ብርዱ ስለሚክሰን ችግሩ ብዙም አይታወቅም፤ ግን ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስቀምጥ ሰው ያየዋል። ከኋላው አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተዉለት።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም እዚያው ባዮስ ላይ «አፍተር ፓወር ሎስ» በሚለው ይወሰናል። ዩፒኤስ ከሌለ «ፓወር ኦፍ» ይሁን። መብራት መጣ ሄደ ሲል ማሽኑ በየጊዜው መነሣት ጀምሮ በመሐል ሲቋረጥ ነው ዲስክ የሚበላሸው። ዩፒኤስ ካለና ማሽኑ ሰርቨር ከሆነ «ፓወር ኦን» ይሻላል። ማሽኑ ብዙ ካልሠራ የሚወስደው 10 ዋት አካባቢ ነው፤ ከሞኒተር ጋር 40 ዋት ቢሆን፣ ባለ12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያለው ደህና ዩፒኤስ ወደ አንድ ሰዓት ያቆየዋል። ሲአር2032 የምትባለውን የሰዓት ባትሪም አብረው ይለውጡ። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድረ ገጾች በሰርተፍኬት ምክንያት አይከፈቱም፣ ኡቡንቱም ማሻሻያ ሲጠየቅ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም ይላል።

ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ተለይቶ የሚገዛ ነው። ኢንቴል ኤኤክስ200 ወይም ኤኤክስ210 ይግዙ፤ ሁለቱም በሊኑክስ ራሳቸው ይታወቃሉ። በቁጥር የሚመስላቸው ኤኤክስ201 ግን እዚህ ማሽን ላይ አይነሣም። ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ሁለቱ የአንቴና ሽቦዎችም መኖር አለባቸው፤ ያለ አንቴና ራውተሩ አጠገብ ካልሆኑ ምንም አይዝም። ራም ላይ አንድ ባለ16 ከመግዛት ሁለት ባለ8 ጊጋባይት ይሻላል፣ ግራፊክሱ ከሁለት መስመር ይመገባልና።

ሊኑክሱ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ዴቢያን 12፣ ኡቡንቱ 24.04 እና ሚንት 22 ሁሉም ያለ ድራይቨር ፍለጋ ይጫናሉ። አማርኛ ለመጻፍ «አይባስ ኤም17ኤን» የሚባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ጨምረው በውስጡ «ሴራ» የሚለውን የአጻጻፍ ዘዴ መምረጥ ነው፤ የአቢሲኒካ ፊደልም በጥቅል መልክ አለ።

ወደ ሌሎቹ ስንመጣ፣ ኤን100 በ2023 የወጣ ባለአራት ኮር ፕሮሰሰር ነው። በ6 ዋት ልክ የተሠራና ኤቪ1ን ራሱ የሚፈታ ስለሆነ በወረቀት ላይ ለጸጥታ ከእሱ የተሻለ የለም። ችግሩ ሣጥኑ ነው። ርካሾቹ ትንሽ ቀጭን ፋን ይገጥሙበታል፣ ድምፁም ከታይኒው ይልቅ ሲርሲር ይላል፤ እነዚህን ይለፏቸው። መግዛት የሚገባው ፋን የሌለው፣ ሙሉ አካሉ ባለክንፍ አልሙኒየም ሆኖ ራሱ ሙቀት ማስወጫ የሆነው ነው። እሱንም ገዝቶ መክፈት ይጠቅማል፤ በፕሮሰሰሩና በአካሉ መካከል ያለው ፔስት ሳይነካካ የተገጠመበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ውስጡ እየተቃጠለ ውጪው ቀዝቃዛ ይሆናል። አምራቹ የዋቱን ወሰን ከ6 በላይ ከፍ አድርጎት እንደሆነም ባዮሱ ላይ ይታያል፤ ዝቅ ያድርጉት። ራሙ የተበየደ ከሆነ ኋላ መጨመር አይቻልም። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብዙዎቹ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ፣ አምፔሩ የሚበቃ ከሆነ ለራውተር በሚሸጠው ዲሲ ዩፒኤስ ይነሣሉ። ከሶላር ባትሪ ጋር ግን በቀጥታ አይገናኙ፤ ባለ12 ቮልት የሊድ ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፣ በመሐል ማስተካከያ ያስፈልጋል። አቧራ በሚበዛበት ሱቅ ወይም 24 ሰዓት በሚሠራ ትንሽ ሰርቨር ላይ ከታይኒው የምንመርጠው ይህን ነው።

ራስፕቤሪ ፓይ 5 ጥሩ የመማሪያ ዕቃ ነው፤ ለዘወትር ዴስክቶፕ ግን አይመከርም። 5 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ የራሱ ቻርጀር ከሌለ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን በድምሩ 600 ሚሊአምፔር ላይ ይገድባል፤ ውጫዊ ዲስክ ሲሰካ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ኤች264 ቪዲዮን የሚፈታ ሃርድዌር የለውም። ማቀዝቀዣ ካልተገጠመለት 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አምራቹ ራሱ የሚሸጥለት ማቀዝቀዣ ደግሞ ባለ ትንሽ ፋን ነው። ቻርጀሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሣጥኑ፣ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ገመዱና ኤስኤስዲ መግጠሚያው ሲደመር ከአንድ ታይኒ ዋጋ ብዙም አይርቅም።