ሳሚክ ሴጅ ባለ 45 ፓውንድ ሪከርቭ ቀስት፦ ለአጋዘን አደን ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለ 62 ኢንቹ ሳሚክ ሴጅ፣ ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ (ሪከርቭ) ቀስት፣ ለአጋዘን አደን ይበቃል። ከወራት አገልግሎት በኋላ የቀስቱ ክንዶች፣ ማለትም ከእጀታው በላይና በታች ያሉት ተጣጣፊ ክፍሎች፣ አልተጣመሙም፣ ፋይበርግላሱም አልተላጠም። ገዝተውት «አይመታም» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ባብዛኛው ፍላጻው ላይ ነው። ስለዚህ ከቀስቱ ይልቅ ስለ ፍላጻው አመራረጥና አገጣጠም ነው በሰፊው የምጽፈው።

ክንዱ ላይ የተጻፈው 45 ፓውንድ፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል፣ የሚለካው አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ነው። ከዚያ ባነሰ ለእያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 2 ተኩል ፓውንድ ይቀንሳል፤ 26 ኢንች ብቻ የሚስብ ሰው ጣቶቹ ላይ የሚያርፈው 40 ገደማ ነው። የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ለትልልቅ የዱር እንስሳት አደን የምትጠይቀው ዝቅተኛው 35 ፓውንድ ስለሆነ በ45 ለመጀመር የሚያስገድድ ነገር የለም። የዚህ ቀስት ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፦ ክንዶቹ ተፈትተው ይቀየራሉ። በ30 ወይም በ35 ፓውንድ ክንድ አለቃቀቁን ተለማምዶ ከዚያ መክበድ ይሻላል። ከአቅሙ በላይ የሚስብ ሰው አውታሩ ጉንጩ ጋ ሳይደርስ ይለቃል፤ ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

አውታሩን በእግር አጣብቆ ማስገባት ክንድ ያጣምማል፤ የመወጠሪያ ገመድ ይግዙ። ከተወጠረ በኋላ ከእጀታው ጉድጓድ እስከ አውታሩ ያለውን ርቀት፣ ብሬስ ሃይት የሚባለውን፣ ከ7 ተኩል እስከ 8 ከሩብ ኢንች ባለው ውስጥ ያስተካክሉ። አውታሩን ሲያከሩት ያጥርና ርቀቱ ይጨምራል፤ ሲያላሉት ይቀንሳል። በጥቂት በጥቂቱ እየለወጡ ጥቂት ፍላጻ ይወርውሩና ድምፁ በጣም ዝቅ የሚልበትን ቦታ ይያዙ። ዳክሮን ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ አዲስ አውታር ስለሚለጠጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግመው ይለኩ። ቀስቱ ድንገት መጮህ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ርቀት ነው።

አውታሩ ላይ ፍላጻው የሚሰካበትን የነሐስ ቀለበት፣ እጀታው ላይ ፍላጻው ከሚቀመጥበት ማረፊያ ትይዩ ግማሽ ኢንች ከፍ አድርገው ይጀምሩና በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ ያድርጉ። ከታች ከተጀመረ ፍላጻው ከማረፊያው ጋር ተላትሞ ስለሚነጥር ፈተናው የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ፍላጻው ላይ አይቆጥቡ። ለ45 ፓውንድ 500 ስፓይን (የፍላጻው ዘንግ የመታጠፍ መጠን መለኪያ) ካርቦን፣ 29 ኢንች ርዝመት፣ 125 ግሬይን (15 ግሬይን አንድ ግራም ገደማ ነው) ጫፍ ጥሩ መነሻ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ከ450 ግሬይን ባይወርድ እመርጣለሁ፤ ለእያንዳንዱ ፓውንድ 10 ግሬይን ማለት ነው። ቀላል ፍላጻ ይፈጥናል፣ ግን ቀስቱን ያስጮኻል፣ አጥንት ሲያገኝም ይቆማል። ጭራው የወፍ ላባ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ማረፊያውን ሲነካ አይተጣጠፍምና ፍላጻውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ከዚያ ላባ ያላቸውንና የሌላቸውን ፍላጻዎች ከ15 እስከ 20 ያርድ እየወረወሩ ያወዳድሩ። ለቀኝ እጅ ወርዋሪ ላባ የሌለው ወደ ግራ ካረፈ ፍላጻው ጠንክሯል፤ ከባድ ጫፍ ይግጠሙለት። ወደ ቀኝ ካረፈ ልሟል፤ ሩብ ሩብ ኢንች ከኋላው ይቁረጡ። ከሌሎቹ በታች ካረፈ ቀለበቱን ዝቅ ያድርጉ፣ በላይ ካረፈ ከፍ። ይህ ፈተና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያለ እሱ ግን ብሮድሄድ፣ ማለትም ስለታም የአደን ጫፍ፣ የተገጠመለት ፍላጻ በቀጥታ አይሄድም።

ለአደን ባለ ሁለት ስለት፣ የማይታጠፍ ብሮድሄድ እመክራለሁ። ተከፋች የሚባሉት ለመከፈት ጉልበት ይወስዳሉ፣ ሪከርቭ ደግሞ ትርፍ ጉልበት የለውም። ኮሎራዶ ስፋቱ ቢያንስ 7/8 ኢንች እንዲሆን፣ ቢያንስ ሁለት የብረት ስለት እንዲኖረውም ትጠይቃለች። ክብደቱ ከልምምዱ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፣ ስለቱም የክንድ ፀጉር እስኪላጭ ይሞረድ። ድንዝዝ ስለት እንስሳውን አቁስሎ ይለቀዋል፤ ከዚህ የከፋ ነገር በአደን የለም።

ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ማረፊያው ላይ የሚለጠፈው ጨርቅ ነው። የታችኛው ላባ በሚያልፍበት መስመር ላይ ፀጉሩ እየታጨደ ሲሳሳ የፍላጻው ከፍታ ይለወጣል፣ ላባ የሌለውም ፍላጻ ቀስ በቀስ ቦታውን ይስታል። ያኔ ጨርቁን ቀይሮ ቀለበቱን እንደገና መለካት ነው፤ አለቃቀቁን መውቀስ አያስፈልግም። የክንዶቹን ብሎን ከመውጣት በፊት ይፈትሹ። የካርቦን ፍላጻን ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ጆሮ አጠገብ አድርገው ጎንበስ ያድርጉት፤ የመሰንጠቅ ድምፅ ካሰማ ይጣል፣ ሲለቀቅ እጅ ውስጥ ሊሰበር ይችላልና። ፍላጻ ሳይኖር አውታር ስቦ መልቀቅ ክንድ ይሰብራል። በበጋ ደግሞ ቀስቱን መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ሙቀቱ የክንዶቹን ሙጫ ያላቅቃል።