ዲፍራግለርና በሦስት የከፈልኩት ሃርድ ዲስክ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስኬን በሦስት ፓርቲሽን (እያንዳንዱ እንደ ራሱን የቻለ ድራይቭ በሚታይ ክፍል) ከፍዬ፣ የተበጣጠሱ ፋይሎችን የሚገጣጥመውን ዲፍራግለር የተባለ ነፃ ፕሮግራም ጭኜ መጠቀም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ዲስኩ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ነው፤ ሲስተሙ ዊንዶውስ 10። እስካሁን ባየሁት፣ ለፍጥነቱ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ፕሮግራሙ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው።

ቀድሞ ሁሉም ነገር ሲ (C) በተባለው ድራይቭ ላይ ነበር፤ ዊንዶውሱም፣ ፎቶውም፣ ከኢንተርኔት የሚወርደውም፣ የቨርቹዋል ማሽኑ (በኮምፒውተሬ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራው) ፋይልም። በየቀኑ የሚጻፍና የሚሰረዝ ፋይል ባዶ ቦታውን ይሸነሽነዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትልቅ ፋይል በየቀዳዳው ተበትኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ስከፍል ያየሁት የፋይሉን ዓይነት ሳይሆን ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሚቀየር ነው። ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች ሲን 180 ጊጋባይት፣ ለዕለት ሥራና ለሚወርዱ ነገሮች ዲን 350፣ አንዴ ተጽፎ ለማይነካው ደግሞ ኢ ብዬ የቀረውን 400 ገደማ ሰጠሁ። ኢን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት አውቄ ነው፤ የዲስኩ መጀመሪያ የሚያርፈው በውጨኛው ጠርዝ ላይ ነው፣ እዚያ በአንድ ዙር ብዙ ዳታ ስለሚያልፍ ከውስጠኛው ይፈጥናል።

መክፈሉ ቀላል አልነበረም። ሲ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኖ ሳለ ዲስክ ማኔጅመንት የተባለው የዊንዶውሱ መክፈያ መሣሪያ ከጥቂት ጊጋባይት በላይ አልቀንስም አለ። ምክንያቱ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች መሐል ላይ መቀመጣቸው ነው፤ ፔጅ ፋይል (ለሜሞሪ ማገዣ የሚሆነው)፣ የሃይበርኔሽን ፋይል (ኮምፒውተሩ ሲተኛ ሜሞሪው የሚቀመጥበት) እና የሪስቶር ፖይንት (ሲስተሙን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለሻ) መረጃዎች። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፍቼ ኮምፒውተሩን ዳግም ሳስነሳው ቦታው ተለቀቀ፤ ሲያልቅ መልሼ አበራኋቸው። ይህን የምትሞክሩ ከሆነ የሪስቶር ፖይንቶቹ አብረው እንደሚጠፉ እወቁ፣ ሌላ ዲስክ ላይም ሙሉ ባክአፕ ያዙ። እዚያው ዲስክ ላይ ያለ ሌላ ፓርቲሽን ባክአፕ አይሆንም፤ ዲስኩ ከተበላሸ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ለሲ 250 መስጠት ነበረብኝ። በስድስተኛው ወር ጠበበኝ፤ ዲስክ ማኔጅመንት ደግሞ የሚያሰፋው ወዲያው ከጎኑ በስተቀኝ ያልተመደበ ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። እዚያ ያለው ዲ ነው። ዲን ጂፓርትድ በተባለ የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም መግፋት ይቻላል፣ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ማንቀሳቀስ ስለሆነ እስካሁን አልደፈርኩም።

ወደ ዲፍራግለር ልመለስ። በጣም የወደድኩት የተበጣጠሱትን ፋይሎች ከነቁርጥራጫቸው ብዛት ዘርዝሮ ማሳየቱና የመረጡትን ፋይል ብቻ ለይቶ መገጣጠሙ ነው። የቨርቹዋል ማሽኔ ፋይል ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ቁርጥራጭ ነበረው። የዲስኩ ራስ ከአንዱ ቁርጥራጭ ወደ ሌላው ተጉዞ ዙሩን ሲጠብቅ በግምት 12 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ ሺህ ጊዜ ሲሆን 12 ሰከንድ ነው። እሱን ብቻ ሳስተካክል ቨርቹዋል ማሽኑ የሚነሳበት ጊዜ በግልጽ አጠረ። ሙሉውን ዲስክ ዲፍራግ አድርጌ (ቁርጥራጩን ሁሉ ገጣጥሜ) ግን ይህን የሚያህል ለውጥ አላየሁም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያባከንኩት ዲስኩ ምን ያህል እንደተበጣጠሰ በሚያሳየው መቶኛ ነው። የዊንዶውሱ መሣሪያ ዲስኩ ደህና ነው ሲል ዲፍራግለር ብዙ ነገር እንደተበጣጠሰ ያሳየኛል። ማንን ልመን? ኋላ እንደገባኝ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዊንዶውስ ከ64 ሜጋባይት የሚበልጥን ቁርጥራጭ እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ ትክክልም ነው። በሰከንድ 150 ሜጋባይት ለሚያነብ ዲስክ 64 ሜጋባይት ከአራት መቶ ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፣ በመሐል የሚገባው 12 ሚሊሰከንድ አይታወቅም። እኔ ግን ቁጥሩን ዜሮ ለማድረግ ስል ሌሊቱን ሙሉ ዲስኩን አስሮጥኩት።

በሦስተኛው ወር በክፍያ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራምም ሞክሬ ነበር። ከጀርባ ሆኖ ያለማቋረጥ ሲሠራ ዲስኩ አላርፍ ስላለ በሁለት ሳምንት አወጣሁት።

አሁን ሲንና ዲን የዊንዶውሱ ሳምንታዊ ፕሮግራም ይዟቸዋል፤ ኢን ከዝርዝሩ አውጥቻለሁ። ዲፍራግለርን በወር አንዴ እከፍታለሁ፤ መጀመሪያ የዲስኩን ጤና የሚያሳየውን ገጽ አያለሁ፣ ምክንያቱም የተበላሹ ሴክተሮች (ዳታ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች) የበዙበትን ዲስክ በዲፍራግ ማድከም አደጋ ነው። ከዚያ ዝርዝሩን በቁርጥራጭ ብዛት ደርድሬ ከላይ ያሉትን ሦስት አራት ፋይሎች ብቻ አስተካክላለሁ። ኤስኤስዲ ላለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ የሚንቀሳቀስ ራስ የለውም፣ ዊንዶውስም በአብዛኛው ትሪም (የተሰረዘው ቦታ የትኛው እንደሆነ የሚነግር ትእዛዝ) ይልክለታል።

የቨርቹዋል ማሽኑን ፋይል በተመለከተ ደግሞ ባለፈው ወር እያደገ የሚሄደውን ትቼ መጠኑ ከመጀመሪያው የተወሰነ አድርጌ እንደ አዲስ ፈጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ላይ አላየሁትም።