ዳገት ላይ ከባድ ማርሽ ወይስ ቀላል?

እንጦጦን በሳይክል የሚወጣ ጀማሪን ቶሎ የሚከዳው እግሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ማርሹ ነው።

በከባድ ማርሽ ፔዳሉ በደቂቃ 50 ወይም 60 ጊዜ ቢዞር ነው። እያንዳንዱ እርግጫ ጭን ያቃጥላል፣ ጉልበትም ይጫናል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ራሱ ፈተና ይሆናል።

በቀላል ማርሽ ግን 80 እና ከዚያ በላይ ይዞራል። ጡንቻ ቀለል ይለውና ሸክሙ ወደ ልብና ሳንባ ይሄዳል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ መጀመሪያ ታለከልካላችሁ። አትደንግጡ! ፍጥነት ቀነስ ስታደርጉ ትንፋሽ ይመለሳል፤ የዛለ እግር ግን በዚያው ቀን አይመለስም።

ለጀማሪ እኔ ቀላሉን ነው የምለው። የኋላው ትልቁ ማርሽ፣ ማለትም ከሁሉ የሚቀለው፣ 32 ጥርስ ካለው እሰየው። ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ፤ አጥብቃችሁ እየረገጣችሁ ስትቀይሩ ሰንሰለቱ ይንገጫገጫል። ከባዱን ለሜዳና ለቁልቁለት አቆዩት።