ባንኮክ ውስጥ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑት

ለሽርሽርም ሆነ ለሕክምና ወይም ልብስ ለማምጣት ባንኮክ ለመሄድ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔና ባለቤቴ በግማሽ ቀን ውስጥ 600 ዶላር ተበልተን መጥተናል። የእቁብ ገንዘብ ነው፤ ሁለት ዓመት ጥለን የደረሰን። ለሰው ማውራቱ ስላሳፈረን እስካሁን ዝም ብለን ነበር። ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከባለቤቷ ጋር እዚያው ልትሄድ ትኬት መቁረጧን ስትነግረኝ ግን ዝምታችን ሌላ ሰው እንደሚያስበላ ገባኝ።

የሄድነው ጥር 2016 ነው። ትኬቱን ከከፈልን በኋላ የቀረን 1,100 ዶላር ብቻ ስለነበር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዷን ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ቆጥረን ነው ያወጣነው። ከሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ታክሲ አልያዝንም፤ ከዚያው ከሥር በሚነሳው ባቡር ለአንድ ሰው 45 ባት ከፍለን ፋያ ታይ ወረድን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ካኦ ሳን መንገድ አካባቢ። ማራገቢያ ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ሙቀቱ ሌሊትም አይበርድም፣ ግን ቻልነው። ረቡዕ ሲመጣ የምንጾመውን ምግብ እናጣለን ብለን ስንሰጋ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያው ልጅ በቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈች ምልክት አሳየን። «ጄ» ይሏታል። እሷ የተሰቀለችበት ቤት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ የሚባል የለም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ጾመኛ የሆናችሁ ይህችን ምልክት ያዙ፣ በጣም ትጠቅማችኋለች። ሕዝቡም ደግ ነው። ሾርባ የምትሸጥልን ሴትዮ የረሳነውን መልስ ይዛ በሩጫ ተከትላን መጥታ ሰጥታናለች። የምከሰው ሕዝቡን እንዳልሆነ እወቁልኝ።

በአራተኛው ቀን ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሄድን። መግቢያው ለውጭ ዜጋ 500 ባት ነው፤ ለሁለት 1,000 ባት ስለሚሆንብን ማታ ተማክረንበት ነው የወሰንነው። ብርቱካናማ ባንዲራ በያዘችው የወንዝ ጀልባ በ16 ባት ታ ቻንግ ወረድን። ትከሻ መሸፈን ግዴታ መሆኑን ስለሰማሁ ነጠላዬን ደርቤያለሁ። ከጠዋቱ 3፡30 ገደማ በነጩ አጥር ሥር ወደ በሩ ስንሄድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በፈገግታ አስቆመን። ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ኢትዮጵያ ስንለው «የሯጮቹ አገር!» አለ። ቀጥሎ ፊቱን አዘን አድርጎ፣ መነኮሳት ጸሎት ላይ ስለሆኑ ቤተ መንግሥቱ እስከ 7 ሰዓት ለጎብኚ ዝግ ነው አለን። እስከዚያ እንዳትጉላሉ ብሎ ካርታችን ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ቦታ ከበበልን፦ ሁለት ትናንሽ መቅደሶችና አንድ «የመንግሥት የጌጣ ጌጥ ማዕከል» ያለው። ቱክቱክም፣ ያው የእኛ ባጃጅ ማለት ነው፣ ራሱ ጠርቶ ተነጋገረልን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሁለታችን 20 ባት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ባንኮክ ውስጥ የታክሲ ቆጣሪ ገና ሳይንቀሳቀስ 35 ባት ላይ ነው የሚጀምረው። 20 ባት የሁለት ሰዓት ነዳጅ አይሸፍንም። ሾፌሩ የሚበላው ከሱቁ ነው፤ እናንተን በሩ ላይ ባደረሰ ቁጥር ይከፈለዋል፣ ከገዛችሁ ደግሞ ኮሚሽኑ ይጨምራል። የደላላን ሥራ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እኛ ግን ርካሽ ነገር በማግኘታችን ደስ ብሎን ገባን። ቆጣቢ መንገደኛ በዚህ ነው የሚያዘው፤ ወጥመዱ ራሱ የተሠራው ከርካሽነት ነው።

የመጀመሪያው መቅደስ ጸጥ ያለ፣ ጎብኚ የሌለበት ነበር። ደረጃው ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። ሚስቱን እየጠበቀ እንደሆነ ነገረን፤ ባንክ እንደሚሠራም። የሚሸጥልን ነገር አልነበረውም፣ ለዚህም ነው ያመንነው። በወሬ መሐል ያ ማዕከል ለውጭ ዜጋ ያለ ቀረጥ የሚሸጥበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ መሆኑን፣ እሱ ራሱ ባለፈው ዓመት ገዝቶ ለንደን በእጥፍ መሸጡን አጫወተን። አጥሩ ሥር ያለው ሰውዬ፣ ሾፌሩና ይህኛው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ሦስቱም አንድ ሥራ ላይ ናቸው።

ሱቁ ውስጥ ቅዝቃዜው እፎይ ያሰኛል። ቀዝቃዛ ውኃ አቀረቡልን። ሻጩ ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሲሰማ ወዲያው «ኦፓል!» አለ፤ ስለ ወሎ ኦፓል ያውቃል። «እናንተ ድንጋይ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፣ አገራችሁ ወርቅ ቤት ብትወስዱት እጥፍ ታገኙበታላችሁ» አለን። ስድስት ቀይ ድንጋይ በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ በትንሽ ባትሪ አበራበት። ሩቢ ነው አለ። የጠራ ደም ይመስል ነበር። ባለቤቴ በአማርኛ «የስድስት ወር የቤት ኪራይ ነው እኮ» አለኝ። ከ45,000 ባት ጀምሮ 21,000 ላይ ወረደልን። ሾፌሩ ራሱ ዶላር ወደሚመነዘርበት ወስዶ መለሰን። ወርቃማ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ድንጋዩን በፕላስቲክ አሽገው ከአገር እስክንወጣ እንዳንከፍተው፣ ከከፈትነው ዋስትናው እንደሚቀር አስጠነቀቁን።

ሾፌሩ ሁለተኛውን መቅደስ ሳያሳየን መንገድ ላይ አውርዶን ሄደ። በእግራችን ተመልሰን 8 ሰዓት ገደማ ቤተ መንግሥቱ ስንደርስ ሰው እየጎረፈ ይገባል። ትኬት የምትቆርጠውን ልጅ ጠዋት ተዘግቶ ነበር ወይ ብለን ጠየቅናት። «በየቀኑ ክፍት ነው፤ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 9፡30» ብላ በአገራችን አቆጣጠር የሚሆነውን ሰዓት በጣቷ አሳየችን። በዚያች ደቂቃ ነበር መንቃት የነበረብን። ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። እኛ ግን ሰውዬው ተሳስቶ ይሆናል ተባብለን ዝም አልን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከሱቁ ይልቅ ይህች ዝምታ ናት።

አዲስ አበባ እንደገባን የደላንታ ኦፓል እየቆረጠ የሚሸጥ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ጋ ወሰድነው። አንዱን በመቆንጠጫ ይዞ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ማጉያውን ለእኔ ሰጠኝ። ውስጡ እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ያሉ ክብ ክብ ነጠብጣቦች አሉ፤ ቀጭን መስመሮችም ይታያሉ፣ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ዲስክ የጎበጡ። በተፈጥሮ ሩቢ ውስጥ ያለ መስመር ቀጥ ያለ ነው አለኝ። ይሄ ዱቄት በእሳት አቅልጠው የሚሠሩት ነው፤ አሠራሩም ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ነው። የስድስቱም ዋጋ ተደምሮ የአንድ ቀን ምሳችንን አይሸፍንም። ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

ስለዚህ እባካችሁ፦ ዝግ ነው ቢሏችሁ በሩ ድረስ ራሳችሁ ሂዱና እዩ። ዋጋው ከሚታመን በታች የሆነ ቱክቱክ ውስጥ አትግቡ፤ ገብታችሁም ሱቅ በር ላይ ካቆመ ክፈሉትና ውረዱ፣ መሐል መንገድ ቢተዋችሁም አትፍሩ። ድንጋይ መግዛት የግድ ከፈለጋችሁ የታይላንድ መንግሥት የከበሩ ድንጋዮችና ጌጣ ጌጥ ተቋም ባንኮክ ውስጥ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለው፤ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ እናስመርምር በሏቸው። እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ። በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር ያላችሁ ካርድ ስላላችሁ ቢያንስ ባንካችሁን አቤት ልትሉ ትችላላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ዶላር በኪሱ ይዞ ለሚሄድ ግን ያ ዕድል የለም።

ተበልታችሁ ከሆነ ደግሞ እዚያው እያላችሁ የቱሪስት ፖሊስ ጋ ደውሉ፣ ቁጥሩ 1155 ነው። ደረሰኙን አትጣሉት። እኛ ከአገር ከወጣን በኋላ ለሱቁ ሦስት ጊዜ ጻፍን፣ መልስ የለም። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም በሩ ላይ ካየነው ስም ጋር እንደማይመሳሰል ያስተዋልነውም ያኔ ነው።

ድንጋዮቹን ትናንት ቢሮ ይዤ ሄጄ ለባልደረባዬ አሳይቻታለሁ። መስኮት ላይ አድርጋ አየቻቸውና «ያምራሉ እኮ» አለችኝ። አዎ፣ ያምራሉ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ 1155 ጽፌ ሰጠኋት፤ በረራዋ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው።